ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች የአፈር መንገድ፦ ማጠናከሪያዎችን እንዴት እንፈትሽ?

ጥያቄ፦
በዛፎች መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ ለመሥራት ተነስተናል። አስፋልትም ሆነ ኮንክሪት ማንጠፍ አንፈልግም፤ ሆኖም በተሽከርካሪ ወንበርና በክራንች የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ያለ ረዳት ሊያልፉበት፣ ዝናብ ሲመጣም ሳይበላሽ ሊቆይላቸው ይገባል። ሲሚንቶ፣ ኖራ፣ ፖሊመር (እንደ ሙጫ የሚያያይዝ ሰው ሠራሽ ውሁድ) እና ከተክል ዘር የሚዘጋጅ ማያያዣ ዱቄት ቀርበውልናል፤ እያንዳንዱ ሻጭ የእርሱ ምርት ለማንኛውም አፈር እንደሚሆን ያረጋግጥልናል። የእኛ አፈር ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ነው። መንገዱን በሙሉ ከመሥራታችን በፊት የሚበጀውን በምን ዓይነት ሙከራ እንለይ?

መልስ፣ ከመንገድ መሐንዲስ፦
ለማንኛውም አፈር የሚሆን ማጠናከሪያ ስለሌለ ፍተሻው ከምርቱ ሳይሆን ከአፈሩ ይጀምር። አፈሩን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጣችሁ አስቀምጡት፤ አሸዋው በአንድ ደቂቃ አካባቢ ይዘቅጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ሸክላው ግን ውኃውን ከአንድ ቀን በላይ አደፍርሶ ሊያቆይ ይችላል። የገለጻችሁት ጠባይ የዋልካ አፈር ይመስላል። የፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ (አፈሩ እንደ ሊጥ የሚለመጥበትን የእርጥበት ስፋት የሚያሳይ የላቦራቶሪ ቁጥር) ከ10 በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ የኖራው ካልሲየም የሸክላውን ማበጥና ማጣበቅ ስለሚቀንስ በቅድሚያ ኖራን ሞክሩ፤ ሸክላ ለሌለው አሸዋማ አፈር ግን ሲሚንቶ ይሻላል። ከሁለቱም በፊት የሰልፌት (በአፈር ውስጥ የሚገኝ የጨው ዓይነት) ምርመራ በላቦራቶሪ አሠሩ፤ ሰልፌት የበዛበት አፈር ከኖራ ወይም ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ኤትሪንጋይት የተባለ ማዕድን ተፈጥሮ እያበጠ መንገዱን ከሥሩ ያነሳዋልና ይህን ምርመራ አትዝለሉት። ብስባሽ ያለበት የላይኛው አፈር ተገፎ ይውጣ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል።

መልስ፣ ከላቦራቶሪ ባለሙያ፦
መሐንዲሱ ባሉት ላይ የእርጥበትን ጉዳይ ልጨምር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ፕሮክተር በ1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ አንድ አፈር በተወሰነ ኃይል ሲጠቀጠቅ ከሁሉ በላይ የሚጠብቅበት አንድ የእርጥበት መጠን አለ፤ ከዚያ ሲያንስም ሲበዛም ማጠናከሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውጤቱ ይደክማል። በሥራ ቦታ አፈሩን በመዳፋችሁ ጨብጡት፦ ቅርጹን ይዞ ቢቀርና ስትሰብሩት ለሁለት ቢከፈል እርጥበቱ ተቀራርቧል፤ መዳፍን ካረጠበ ውኃው በዝቷል፤ ከተበተነ አንሷል።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ድብልቅ፣ እንዲሁም ምንም ካልተጨመረበት አፈር፣ እኩል የተጠቀጠቁ ናሙናዎች አዘጋጁ። የሲሚንቶው ናሙና ቢያንስ 7 ቀን ይቆይ፤ ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር 28 ቀን ስጡት። ቀጥሎ ውኃ ውስጥ አስገቧቸውና የሚፈርሰውን ተመልከቱ። ለአፈርና ሲሚንቶ ድብልቅ የተደነገገው የአሜሪካ የሙከራ መስፈርት፣ ኤኤስቲኤም ዲ559፣ ናሙናውን 5 ሰዓት ውኃ ውስጥ፣ 42 ሰዓት ደግሞ በ71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ እያፈራረቀ 12 ጊዜ ይደግማል፤ በየዙሩ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ የጎደለው ክብደት ይለካል። ደረቅ ናሙናን ብቻ ጨፍልቆ መፍረድ በጣም ያሳስታል።

ጠያቂው፦
እናመሰግናለን። ለተሽከርካሪ ወንበር መመቸቱስ በምን ይታወቃል?

መልስ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ከሚንቀሳቀሱ አባል፦
ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ፈትሹ፦ መሬቱ ሲጫኑት አለመስመጡንና በአየር ሁኔታም ሆነ በተደጋጋሚ አጠቃቀም አለመለወጡን። የሚያስቸግሩን ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ናቸው። ቀጥታ ስንሄድ ጠንካራ የሚመስል ወለል በአንድ ቦታ ስንዞር ይፈለፈላል፣ ጎማውም ባወጣው ጠጠር ውስጥ ይቀበራል። ለዚህ የሚሠራው መሣሪያ፣ ሮቴሽናል ፔኔትሮሜትር፣ ትንሽ ጎማን በስፕሪንግ ተጭኖ ምን ያህል እንደሰመጠ ይለካል፤ ከዚያም ጎማውን ግራና ቀኝ አዙሮ እንደገና ይለካል። መሣሪያው ከሌላችሁ ተጠቃሚዎችን ጋብዙ፤ ከዝናብ ማግስትም በአንድ ቦታ እየዞሩ ይሞክሩት።

መልስ፣ ከመናፈሻ መንገዶች ተንከባካቢ፦
ከላቦራቶሪ ያለፉትን በራሱ በመንገዱ ላይ፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ አጫጭር ክፍሎች ሞክሯቸው፤ ያልታከመ ክፍልም አብሮ ይኑር። ፖሊመር ለመጠንከር መድረቅ ስላለበት በጥላ ሥር ይዘገያል፤ ስለዚህ ፀሐይና ጥላ ያለበትን፣ ሜዳና ተዳፋት የሆነውን ለይታችሁ ፈትኑ። የዘሩ ዱቄት ለዋልካ አይሆንም፤ ስለታማ ጠርዝ ካለው የተፈጨ ድንጋይ ጋር በደረቁ ተቀላቅሎ፣ ውኃ ጠጥቶ የሚጠቀጠቅ ነው። ሲጎዳ ተፈልፍሎ፣ ረጥቦ እንደገና ስለሚጠቀጠቅ ለጥገና እኔ እርሱን እመርጣለሁ፤ ሲሚንቶ ግን ሲሰበር በቁራጭ ይነሳል። ውኃ በላዩ እንዳይተኛም ወለሉ ወደ ጎን ከ2 እስከ 5 በመቶ ያዘንብል፤ ከዚያ ካለፈ ወንበሩን ወደ ጎን ይጎትተዋል። የላይኛው ጎን ቦይ ሳይወጣለት ሙከራውን አትጀምሩ፤ ያለዚያ የሚለካው የማጠናከሪያው ጥንካሬ ሳይሆን የጎርፉ ጉልበት ይሆናል።