ቀብድ ከፍለን የያዝነው አልጋ ባሕር ዳር ላይ እጥፍ ሆነብን፣ ምን ይሻላል?

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስምንት ሆነን ከጎንደር ነው የምንመጣው፣ ሁላችንም የፋሲል ደጋፊዎች። ከባሕር ዳር ከነማ ጋር ለምንጫወትበት ሰንበት ከሦስት ሳምንት በፊት ደውዬ አራት ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ያዝኩ፤ አንዱ በአዳር 1,600 ብር፣ ዓርብና ቅዳሜን ለማደር። ቀብድ 3,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። ሪሴፕሽኗም "ቀብድ ደርሶናል፣ 4 ክፍል በ1,600" ብላ በቴሌግራም ጻፈችልኝ።

ትናንት ሌላ ሰው ደወለ። "ዋጋ ተስተካክሏል፣ 3,500 ገብቷል። ካልተስማማችሁ ቀብዳችሁን እንመልሳለን" አለኝ። ተስተካከለ አለ እንግዲህ! የሆቴሉን ስም አልጠራም፣ ሐይቁ ዳር ካሉት አንዱ ነው። መብታችን እስከ ምን ድረስ ነው? ካልሆነስ የት እንደር?

ጣና ዳር፦
እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሦስቱን ነጥብ ግን ትታችሁልን ነው የምትሄዱት። ወንድሜ፣ በጨዋታ ሰሞን 3,500 የሰማኸው አንተ ብቻ አይደለህም። ከሐይቁ ራቅ በል፤ መናኸሪያ አካባቢና አባይ ማዶ ንጹሕ ፔንሲዮን አይጠፋም።

ውል አዋዋይ፦
እዚህ ላይ ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። ዋጋ መጨመር ለብቻው ያስከስሳል ብላችሁ አትሂዱ፤ ነጋዴ ዋጋውን ማሳየትና ደረሰኝ መስጠት አለበት እንጂ ለምን ጨመርክ ብትሉት ገበያ ነው ይላችኋል። የእናንተ ጉዳይ ግን ቀብድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ ይናገራል፦ ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ "3,000 እንመልሳለን" ሲሉህ የሚጠበቅባቸው 6,000 ነው።

አሁን ሂሳቡን ተመልከት። አራት ክፍል ለሁለት አዳር ስምንት ነው፤ በእያንዳንዱ 1,900 ቢጨምሩ 15,200 ብር ያተርፋሉ። ከኪሳቸው የሚወጣው ቅጣት 3,000 ብቻ ነው። ሕጉን ቢያውቁት እንኳ ከፍለው ሊያስወጧችሁ ያዋጣቸዋል። በሌላ ጊዜ ቢያንስ የአንድ አዳሩን ሙሉ ክፈሉ፣ ያኔ እጥፉ ያማቸዋል።

የፒያሳ ልጅ፦
6,000 ተቀብለን ሜዳ ላይ ልናድር ነው? እኔ የምፈልገው አልጋውን ነው።

ውል አዋዋይ፦
ገባኝ። ለዚያ ነው ክስ ያላልኩህ። የቴሌብሩን ማረጋገጫና የቴሌግራሙን መልእክት ፎቶ አንስተህ ለባለቤቱ ወይም ለሥራ አስኪያጁ ላክ። ለደወለልህ ልጅ አይደለም። "በውላችን መሠረት ዓርብ እንገባለን፣ ካልሆነ የቀብዱን እጥፍ በጽሑፍ አሳውቁን" በል፣ ሌላ አትጨምር። ሳይስማሙ ቀርተው 3,000 ቢመልሱልህ "ለሙሉ ክፍያ አልተቀበልኩም" ብለህ ጻፍ። የከተማው ንግድ መምሪያ አቤቱታ ይቀበላል፣ ግን የናንተ ጨዋታ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርስላችሁ።

ሪሴፕሽን ላይ ስድስት ዓመት፦
እኔ የምሠራው ሌላ ቤት ነው፣ ግን ከውስጥ ልንገራችሁ። ደብተራችን ላይ ቀብድ ያልከፈለ ስም በእርሳስ ነው የሚጻፈው፣ የከፈለ በእስክሪብቶ። ባለቤቱ ማታ መጥቶ ደብተሩን ሲያገላብጥ እርሳሱን ራሱ በላጲስ ያጠፋዋል። በእስክሪብቶ የተጻፈውን ለማስለቀቅ ነው እንዲህ "ተስተካክሏል" የሚደወለው። እውነቱን ለመናገር ስንደውል እኛም እናፍራለን።

ዋጋው ለምን ይዘላል ለምትሉ፦ በ2013 ሊጉ ክለቦችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ከጀመረ ወዲህ ችግሩ የአንድ ሰንበት ብቻ አልሆነም። ሊጉ ወደ ከተማው በመጣ ጊዜ ተጫዋቹ፣ አሠልጣኙ፣ ዳኛው፣ የካሜራው ቡድን ሁሉ ለሳምንታት ክፍል ይይዛል። ለደጋፊ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የሠርግ ወር ከሆነ አበቃ።

ሌላ ደግሞ፣ 3,500 ያሉህ ቫትና ሰርቪስን ጨምሮ መሆኑን ጠይቅ። 15 በመቶና 10 በመቶ ነው፣ ሩብ ያህል ይመጣል። ስምንታችሁም መታወቂያ ያዙ። "ባለ ሁለት አልጋ" መሆኑንም ደግማችሁ አረጋግጡ፤ ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ የማያስተኙ ቤቶች አሉ፣ ማታ በር ላይ መከራከር ነው የሚሆነው።

የድሮ ደጋፊ፦
ልጆቼ፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ኢትዮጵያ እዚህ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ማክሰኞ ነበር፣ የሥራ ቀን። እንደዚያም ሆኖ አልጋ ጠፍቶ የወንድሜ ልጅና ጓደኞቹ ሳሎኔ ወለል ላይ ተደርድረው አደሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ያላስነሡት ጎረቤት የለም። ዘመድ የላችሁም እንዴ ባሕር ዳር? ጎንደሬ ሆኖ እዚህ አክስት የሌለው አላውቅም።

የፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ አክስትስ አለችኝ፤ ስምንት ሆኜ ብመጣ ግን ዘመድነቱ ያበቃል።

ቆጣቢዋ፦
ዓርብ ማደር ለምን አስፈለገ? ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቅዳሜ ማለዳ ብትነሡ ከሰዓት ለሚደረግ ጨዋታ ትደርሳላችሁ። ጨዋታው ሲያልቅ መሽቶ ስለሚሆን የቅዳሜውን አዳር ያዙ፤ በሌሊት መንገድ አትግቡ፣ ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። አንዱን ሌሊት ስትተዉ ወጪው በግማሽ ይወርዳል፣ ለመደራደርም ይጠቅማል፦ "ዓርብን እንለቅላችኋለን፣ ቅዳሜን በድሮው ዋጋ ስጡን" በሏቸው። ዓርብን ለሌላ ሰው በፈለጉት ዋጋ ይሸጡታል።

ባጃጅ ነጂው፦
የቆጣቢዋ ሐሳብ ጥሩ ነው። አደራ፣ መናኸሪያ ላይ "አልጋ ላሳይህ" የሚላችሁን አትከተሉ፣ ኮሚሽኑ ዋጋው ላይ ነው የሚጨመረው። ራሳችሁ ገብታችሁ ጠይቁ፣ ክፍሉን እዩ፣ ውኃውን ክፈቱ፣ ከዚያ ነው ብር የሚወጣው። ሆቴሎቹ በጨዋታ ቀን የሚሠሩት ግን ነውር ነው።

የፒያሳ ልጅ (ከሁለት ቀን በኋላ)፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ለባለቤቱ መልእክቱን ከነፎቶው ላክሁለት፣ "ዓርብን እንለቃለን" የሚለውንም ጨመርኩበት። እሱ ራሱ ደወለ። ትንሽ አጉረመረመ፣ ልጁ ሳይነግረኝ ነው አለ (ይሁንለት)፣ በመጨረሻ ሁለት ክፍል ለቅዳሜ በ1,600 ሰጠን። 3,200 ነው፣ ቀብዱ ታሰበልን፣ 200 ብር ይቀረናል። እጥፉን ስለተውንለት ውል አዋዋይ ይቅር ይበለኝ። ለቀሩት አራት ልጆች አባይ ማዶ ፔንሲዮን አገኘን፣ ክፍሉ 1,100፣ ባለ ሁለት አልጋ። ሙሉውን ከፍለን ደረሰኝ በፎቶ ተልኮልናል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ከአባይ ማዶ ስታዲየም ድረስ ባጃጅ ኮንትራት ስንት ነው?

ባጃጅ ነጂው፦
በሌላ ቀን ነው በጨዋታ ቀን?

ቆጣቢዋ፦
ኧረ ወንድሜ! ነውር ነው ያልከው አንተ አይደለህም?

ባጃጅ ነጂው፦
እሺ፣ ለእነሱ በሌላ ቀኑ ዋጋ። ስትደርሱ እዚሁ ጻፉልኝ፣ አራቱን እኔ አመጣቸዋለሁ።