ለቆየ ኮምፒውተር የትኛው የሳታ ካርድ ይሻላል?

ቅጂ_ጠባቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ኮር 2 ዱዎ ታወር ነው፤ ቺፕሴቱ ኪው45፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 ኤስኤስዲ ላይ ተጭኗል። የማዘርቦርዱ የሳታ (ዲስክ የሚገናኝባቸው) መሰኪያዎች ስላለቁ ሁለት ባለ4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ የምሰካበት ካርድ ልገዛ ነው። የቢሮ ሰነድና ፎቶ ነው የሚቀመጥባቸው፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በጊጋቢት ኔትወርክ ይከፍቷቸዋል። ክፍት ስሎቶቹ (ካርድ የሚሰካባቸው ቦታዎች) አንድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ኤክስ1 (ባለ1 መስመር)፣ አንድ ኤክስ16 (ባለ16 መስመር) እና ሁለት የድሮ ፒሲአይ ናቸው። ገበያ ላይ ያገኘሁት ቪአይኤ 6421 ቺፕ ያለበት የፒሲአይ ካርድ፣ ኤኤስኤም1061 ቺፕ ያለበት ባለ2 መሰኪያ የኤክስ1 ካርድ፣ እና ባለ10 መሰኪያ የኤክስ1 ካርድ ነው። የቱን ልውሰድ?

ሰርኪት፦
ኤኤስኤም1061ን ውሰድ።

ቪአይኤው ያለበት የፒሲአይ መስመር በወረቀት ላይ 133 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ያንንም እዚያ የተሰኩ ካርዶች ሁሉ ይጋሩታል። የባሰው ግን ቺፑ ሳታ 1 (1.5 ጊጋቢት በሰከንድ) መሆኑ ነው። ከባለ6 ጊጋቢት ዲስኮች ጋር ፍጥነት መስማማት ብዙ ጊዜ ያቅተዋል፤ ዲስኩ ሲሽከረከር ይሰማል፣ ካርዱ ግን አያየውም። በድሮዎቹ ዲስኮች ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) አድርጎ ወደ 1.5 ጊጋቢት ማውረድ ይቻል ነበር፤ አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ያ ጃምፐር የላቸውም።

ያንተ ኤክስ1 ስሎት ከአይሲኤች10 (የኪው45 አጋር ቺፕ) ስለሚወጣ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፦ 250 ሜጋባይት፣ በተግባር 200 አካባቢ። ካርዱ ሁለተኛ ትውልድ ቢሆንም ዝቅ ብሎ ይሠራል። ጊጋቢት ኔትወርክ ከ110 ብዙም ስለማያልፍ ይበቃሃል። ጥበቱ የሚታወቅህ ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ስታነብ ብቻ ነው።

ባለ10ውን ተወው። እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ባለ2 መሰኪያ ቺፕ ላይ ፖርት መልቲፕላየር (አንዱን መሰኪያ ለብዙ ዲስክ የሚያካፍል ቺፕ) የተጨመረባቸው ናቸው፤ አንድ ዲስክ ሲንጠለጠል አብረውት ያሉትንም ይዟቸው ይጠፋል።

ቢት_በቢት፦
ከሰርኪት ጋር እስማማለሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ቺፑ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ሙቀት ማስተላለፊያ ከተለጠፈበት ሻጩ ሰክቶ ያሳይህ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የሃርድዌር መለያው 1ቢ21 ካለ የኤኤስሚዲያ ነው። ዊንዶውስ 10 በራሱ የኤኤችሲአይ (መደበኛ የሳታ) ድራይቨር ይነዳዋል፣ ሲዲ አያስፈልግም።

ዲስኮቹን ስታስጀምር ጂፒቲ ምረጥ (ጂፒቲ አዲሱ፣ ኤምቢአር የድሮው የዲስክ ክፍፍል መዝገብ ነው)። ኤምቢአር ካልክ ዲስክ ማኔጅመንት 2048 ጊጋ ብቻ ያስጠቅምህና የቀረው 1678 ገደማ ሳይመደብ ተቀምጦ ታየዋለህ። በኋላ በዚያው መሣሪያ ልቀይር ካልክ ፓርቲሽኑን ማጥፋት ግድ ነው። ባዮስህ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የድሮ ነው ብለህ አትስጋ፤ ጂፒቲ ችግር የሚሆነው ዊንዶውሱ ራሱ ከዚያ ዲስክ ሲነሳ ነው።

ቅጂ_ጠባቂ፦
አመሰግናለሁ። ካርዱ 6 ጊጋቢት ከሆነ ኤስኤስዲውን ወደ እሱ ባዛውረው አይፈጥንም?

ሰርኪት፦
እንዲያውም ይዘገያል። የማዘርቦርዱ ሳታ 3 ጊጋቢት ነው፣ ለአንድ ኤስኤስዲ እስከ 270 አካባቢ ይሰጣል፤ ካርዱ ከኤክስ1 ስሎቱ በላይ መሄድ አይችልም። ደግሞም ከካርድ ለመነሳት ካርዱ ላይ የማስነሻ ሮም ያስፈልጋል፤ ርካሾቹ አንዳንዴ የላቸውም። ኤስኤስዲው ባለበት ይቆይ። ዲቪዲ ማንበቢያውን የማትጠቀምበት ከሆነ ንቀለውና አንዱን ሃርድ ዲስክ እሱ በነበረበት ሰካ፤ ያኔ ካርዱ ላይ አንድ ዲስክ ብቻ ይቀራል፣ የመስመሩም ጥበት አያሳስብህም።

ቢት_በቢት፦
ወደፊት አራት አምስት ዲስክ ካሰብክ ጄኤምቢ585 ቺፕ ያለበትን ካርድ ኤክስ16 ላይ መሰካት ይቻላል። መጀመሪያ ግን ሞክረው፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ እዚያ ስሎት ላይ ማንኛውም ነገር ሲሰካ የራሱን የስክሪን መውጫ ያጠፋል።

ኤሌክትሪኩንም ተመልከት። ባለ3.5 ኢንች ዲስክ ሲነሳ ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፔር ይስባል። ፓወር ሰፕላይህ በቂ የሳታ ገመድ ከሌለውና ከሞሌክስ (ከድሮው ባለ4 ፒን የኤሌክትሪክ መሰኪያ) የሚቀይር ገመድ ከገዛህ፣ ሽቦዎቹ ፕላስቲኩ ውስጥ ቀልጠው የተያዙበትን አትውሰድ፤ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው ያቃጥላሉ። እያንዳንዱ ሽቦ በየራሱ ፒን ተጨምቆ ከኋላ ክዳን ያለውን ፈልግ።