ባትሪው የማይወጣ ስልክ ስታክ ሲያደርግ ምን ይደረጋል?

የማለዳ ጤዛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እህታችሁን እርዱኝ። የድሮው ስልኬ ስታክ ሲያደርግ ጀርባውን ከፍቼ ባትሪውን አውጥቼ እመልሰው ነበር፤ በቃ ይስተካከላል። የአሁኑ ግን ባትሪው ከውስጥ የተለጠፈ ነው፣ አይወጣም። ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ። ትናንት ማታ ስክሪኑ እንደበራ ቀጥ አለ። ብነካው አይሰማም፣ ማጥፊያውን ብጫነው አይጠፋም። ቻርጁ አልቆ እስኪዘጋ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅሁት። እናቴ ደውላ አላገኘችኝምና ተጨንቃ አደረች።

ደግሞ ከጥቂት ወራት ወዲህ 30 ፐርሰንት እያለው ድንገት ድርግም ይላል። ቻርጀር ስሰካለት ወዲያው 25 ምናምን ያሳያል። ማታ ማታ ለማንቂያው ስል፣ ቻርጅ ላይ እንዳለ ትራሴ ሥር ነው የማሳድረው። የጀርባ ሽፋኑም በአንድ በኩል ትንሽ ተነስቷል። ወድቆብኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅ ያለ ከቨር አልብሼዋለሁ።

ስታክ ሲያደርግ ምን ላድርግ? ችግሩ የባትሪ ነው ወይስ የሶፍትዌር? አዲስ ስልክ የምገዛበት አቅም አሁን የለኝም።

ቅን ልብ

አይዞሽ እህቴ። ባትሪ አውጥቶ የመመለሱን ሥራ አሁን ቁልፎቹ ይሠሩታል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ማብሪያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ተጭነሽ ትይዣለሽ። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ አትልቀቂ። ብዙ ሰው አምስት ሰከንድ ይዞ "አልሠራም" ብሎ ይተወዋል። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ማብሪያው ብቻውን ረዘም ላለ ጊዜ ሲያዝ ይነሳል። አይፎን 8 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ጫን አድርገሽ ትለቂያለሽ፣ መቀነሻውንም እንደዚያው። ከዚያ የአፕል ምልክት እስኪመጣ የጎኑን ቁልፍ ትይዣለሽ።

ፎቶም ስልክ ቁጥርም አይጠፋም። በስህተት ጥቁር ስክሪን ላይ የጽሑፍ ዝርዝር ከመጣብሽ ግን "ሪቡት" የሚለውን ብቻ ምረጪ። "ዋይፕ ዳታ" የሚለውን እንዳትነኪ፤ ሁሉንም ነገር የሚያጠፋው እሱ ነው።

ሽቦና መብራት

30 ላይ የሚጠፋው ባትሪው ስላረጀ ይመስለኛል። ስልኩ የሚያሳየው ፐርሰንት ግምት ነው። ሊትየም ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ (ኃይሉ እንዳይወጣ የሚያግደው ነገር) ደግሞ ይጨምራል። ካሜራ ስትከፍቺ ስልኩ በአንዴ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ያረጀው ባትሪ ያን ያህል መስጠት ስለሚያቅተው ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም ይዘጋል። ጭነቱ ሲቀንስለት ቮልቴጁ መልሶ ከፍ ይላል። ቻርጀር ስትሰኪ 25 የምታዪው ለዚህ ነው።

አፕል ለምሳሌ እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች፣ በተስማሚ ሁኔታ፣ ከ500 ሙሉ ዙር (አንድ ዙር ማለት የሙሉ ባትሪ ያህል ኃይል መጠቀም ነው) በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ተደርገው ተሠርተዋል ይላል። ለአይፎን 15 ቁጥሩን 1000 ዙር አድርሶታል። በቀን አንድ ሙሉ ዙር የምትጨርሺ ከሆነ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ1000 አልፈሻል። ባትሪው ይቀየር፤ ስልኩን ለመጣል አትቸኩዪ።

ጠጋኝ እጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና ዋናውን ነገር አልፋችሁታል። ሽፋኑ ተነስቷል ብላለች! እህቴ፣ ያ ከመውደቅ ላይሆን ይችላል። ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ሲበላሽ ውስጡ ጋዝ ይፈጠርና እንደ ትራስ ይነፋል፤ መውጫ ሲያጣ ሽፋኑን ወይም ስክሪኑን ይገፋል።

አሁኑኑ ከቻርጅ ንቀዪው። ከቨሩን ቀስ ብለሽ አውልቂ። የተነሳውን ሽፋን ተጭነሽ ለመመለስ አትሞክሪ፣ በመርፌም ሆነ በምንም አትውጊው። ከዚያ ስልኩን አጥፍተሽ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ላይ፣ ከጨርቅና ከወረቀት አርቀሽ አስቀምጪው። ትራስ ሥር ግን በፍጹም! ባበጠ ባትሪ እሳት ሊነሳ ይችላል። ስልኩ ሲግል ካየሽ ወይም እንግዳ ሽታ ከሸተተሽ ራቂው።

የማለዳ ጤዛ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከቨሩን ሳወልቀው ጀርባው መሃሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። አጥፍቼዋለሁ፣ የሸክላው ወለል ላይ ነው ያለው። አሁን የምጽፈው በእህቴ ስልክ ነው። ትንሽ መፍቻ አለኝ፤ ባትሪውን ራሴ ብቀይረውስ?

ራሴ ሠሪ

እኔ በፀጉር ማድረቂያ ሙጫውን አሙቄ፣ በቀጭን ፕላስቲክ ከፍቼ ቀይሬያለሁ። ትዕግሥት ካለሽ ከባድ አይደለም።

ጠጋኝ እጅ

ወንድሜ፣ ያንተ ባትሪ ደህና ነበር። ያበጠ ባትሪን ማሞቅም፣ በብረት መፈንቀልም አይገባም። ከታጠፈ ወይም ከተበሳ ውስጡ ሾርት አድርጎ ሊቃጠል ይችላል። እህቴ፣ ይህን ለባለሙያ ተዪ። ስትወስጂው "ባትሪው አብጧል" ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው። ለስልክሽ ሞዴል የተሠራ ባትሪ እንዲገጥምልሽ ጠይቂ። ከመውጣትሽ በፊት ቻርጅ መቀበሉን፣ ንክኪውን፣ የጣት አሻራውን እዚያው ባለሙያው እያየ ሞክሪ። ውሃ የሚከላከል ስልክ ቢሆን እንኳን ከተከፈተ በኋላ መከላከያውን አትመኚ። አሮጌው ባትሪ ደግሞ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ።

ፍቅር ለሁሉ

የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ ጣጣ የግድ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5 ጀርባው በጥፍር ይከፈት ነበር፣ ውሃም ይከላከል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ ሊቀይረው የሚችል ባትሪ እንዲኖር የሚያዝ ሕግ አውጥቷል። ለረጅም ዕድሜ ባትሪዎች የተወሰነ ማለፊያ ቢኖረውም እኔ በጉጉት ነው የምጠብቀው።

ሽቦና መብራት

አዲሱ ባትሪ ከገባ በኋላ ዋናው ጠላትሽ ሙቀት ነው። አፕል ስልኮቹን ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ አትጠቀሙ ይላል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ቻርጅ ሲደረግ የሚግል ከሆነ ከቨሩን አውልቂለት። ሌሊት ሰክቶ ማደር ብቻውን ባትሪ አይገድልም፣ ሲሞላ ስልኩ ራሱ ያቆማል። ችግሩ 100 ላይ ሆኖ ሙቀት ውስጥ ማደሩ ነው። ሴቲንግ ውስጥ 80 ላይ የሚያቆም ምርጫ ካለ አብሪው። ዜሮ እስኪገባም አትጠብቂ። ስልኩን ለወራት የምታስቀምጪው ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተሽ አጥፊው። ለመለዋወጫ ባትሪ ምትክ የሚሆነው እንግዲህ ፓወር ባንክ ነው።

የማለዳ ጤዛ

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ባለሙያው ሽፋኑን ሲያነሳው ባትሪው እንደ ተነፋ ከረጢት ሆኖ አየሁት። እዚያ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ስተኛ እንደነበር ሳስብ ሰውነቴን ወረረኝ። አዲሱን ገጠመልኝ፤ ትናንት እስከ 12 ፐርሰንት ወርዶ አልጠፋም። ሁለቱን ቁልፎችም ሞከርኳቸው፣ በእኔ ስልክ 14 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የምነቃው አሁን በተራ የጠረጴዛ ሰዓት ነው። ጠጋኝ እጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ።