ድርብርብ የአልጋ ልብስ ለመስፋት የመጀመሪያ የስፌት መኪና ምርጫ

ጥያቄ፦
ቁርጥራጭ ጨርቆችን አገጣጥሜ፣ ከሥር ጥጥና ገበር ደርቤ የአልጋ ልብስ መስፋት ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን ግን የሠራሁት በእጅ መርፌ ብቻ ነው። ገንዘቤ ውስን ስለሆነ፣ ብዙ ዓይነት ስፌት ያለው አዲስ ቀላል መኪና ልግዛ ወይስ ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ ያገለገለ የብረት መኪና?

መልስ 1፦
ያገለገለውን የብረት መኪና እመርጥልዎታለሁ። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚፈልገው የተስተካከለ ቀጥታ ስፌት ነው፤ የመኪናው ክብደትም ወፍራም ድርብ ሲሰፋ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳዋል። ከመክፈልዎ በፊት ግን የራስዎን ጨርቅ፣ ጥጥና ገበር ደርበው ይስፉበት፤ የላይኛውና የታችኛው ክር በእኩል መያያዛቸውንም ጨርቁን ገልብጠው ይመልከቱ። መዘውሩ በእጅ ሲዞር ከበደ ብለው ወዲያው አይተዉት፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ዘይት ነው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ከመርፌው እስከ መኪናው ቋሚ አካል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ትልቅ የአልጋ ልብስ ተጠቅልሎ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ፣ ጠባብ ከሆነ ሥራው እጅግ ያደክማል። ድርቦቹን ከላይም ከታችም እኩል የሚስብ የጨርቅ መጫኛ እግር ሊገጠምለት የሚችል መሆኑንም ይጠይቁ፤ ያለ እርሱ ድርቦቹ እየተንሸራተቱ ሊሸበሸቡ ይችላሉ።

መልስ 3፦
ለመገጣጠሚያ የተለመደው የስፌት ኅዳግ፣ ማለትም ከጨርቁ ጠርዝ እስከ ስፌቱ ያለው ርቀት፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ስፌት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ቢገቡ፣ ሁለቱም ቁርጥራጮች ስለሚያጥሩ ከ10 ስፌት በኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። ስለዚህ ኅዳጉን በትክክል የሚያስጠብቅ መኪና ይምረጡ፤ ለመለዋወጫ መርፌም ጥቂት ገንዘብ ያስቀሩ።