ኖድ ጄኤስ በክላስተር ሲሮጥ የሜትሪክስ ቁጥር እየዘለለ አስቸገረኝ

ሚኪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬድ) የተሠራ አፕሊኬሽን አለኝ፤ አንድን ፕሮግራም በብዙ ቅጂ በሚያስነሳው ክላስተር ሞጁል 4 ወርከር (ቅጂ) አስነስቼ ነው የማስኬደው። ለክትትል ፕሮም-ክላየንት (ሜትሪክስ፣ ማለትም የመለኪያ ቁጥሮችን የሚያዘጋጅ ላይብረሪ) ገጥሜ ፕሮሚቲየስ (ቁጥሮቹን እየሰበሰበ የሚያስቀምጥ ሲስተም) በየ15 ሰከንዱ እንዲያነብ አድርጌያለሁ።

የሪኩዌስት ካውንተሩ ግን አንዴ 5210 ይላል፣ ቀጥሎ 4870፣ ቀጥሎ 5300። ካውንተር ደግሞ መቀነስ የለበትም። ቁጥሩን በግራፍ የሚያሳየኝ ግራፋና ላይ ትራፊኩ ሎጉ ከሚለው በብዙ እጥፍ ገዝፎ ይታያል። አንድ ወርከር ብቻ ሳስነሳ ሁሉም ልክ ይሆናል። ምን ላድርግ?

ህሊና፦ ፍንጩ የመጨረሻው ነገርህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ወርከር ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፤ ሜሞሪ አይጋሩም። ስለዚህ ያለህ አንድ ካውንተር ሳይሆን አራት ነው። ፕሮሚቲየስ ሲመጣ ተራው የደረሰው ወርከር ያስተናግደዋል፤ የሚያነበውም የዚያን ወርከር ቁጥር ብቻ ነው።

ግራፉም የገዘፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ፕሮሚቲየስ ካውንተር ቀንሶ ካየ ፕሮሰሱ እንደ አዲስ ተነስቶ ከዜሮ የጀመረ ይመስለዋል። ያንን 4870 በሙሉ አዲስ የመጣ ሪኩዌስት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ፕሮም-ክላየንት ለዚህ አግሪጌተር ሬጂስትሪ የሚባል ክላስ አለው። እሱን ፕራይመሪው (ወርከሮቹን የሚያስነሳው ዋና) ፕሮሰስ ላይ ታስነሳለህ። ሜትሪክስ ሲጠየቅ ለወርከሮቹ መልእክት ልኮ የየራሳቸውን ይሰበስብና ደምሮ ይሰጣል። የሜትሪክሱን አድራሻ ከወርከሮቹ አውጣና ፕራይመሪው ላይ በሌላ ፖርት ክፈተው። ያ ፖርት ለውጭ ሰው ክፍት እንዳይሆን አደራ።

ሚኪ፦ ህሊና፣ እግዜር ይስጥሽ! ካውንተሩ ተስተካክሏል። አሁን ደግሞ ጌጁ (ከፍም ዝቅም ማለት የሚችለው መለኪያ) ነው። የኮንፊግ ቨርዥን የሚያሳይ ጌጅ አለኝ፤ 7 ማለት ሲገባው 28 ይላል።

ዳዊት፦ አራት ጊዜ 7 ነዋ። አግሪጌተሩ ሌላ ካልነገርከው ሁሉንም ይደምራል። ሜትሪኩን ስትፈጥር «አግሪጌተር» በሚለው ቦታ ምን እንደምትፈልግ ጻፍለት፦ ድምር፣ የመጀመሪያው፣ ትንሹ፣ ትልቁ፣ አማካይ ወይም ጭራሽ ይቅር ማለት ትችላለህ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ለኮንፊግ ቨርዥን ብዙ ሰው «የመጀመሪያውን» ይመርጣል። እኔ ግን ትንሹን ነው የምመክርህ፤ አንድ ወርከር አሮጌው ኮንፊግ ላይ ቀርቶ ከሆነ ወዲያው ይታይሃል። የተከፈቱ ኮኔክሽኖች ይደመሩ። የኢቨንት ሉፕ (ኖድ ሥራዎችን በተራ የሚያስኬድበት ዑደት) መዘግየት ከሆነ ትልቁን ውሰድ፤ አማካይ ከወሰድክ ሦስት ጤነኛ ወርከሮች አንዱን የታነቀ ይሸፍኑታል።

ሌላው፣ የምላሽ ጊዜን በሰመሪ (ወርከሩ ፐርሰንታይሉን ራሱ አስልቶ በሚሰጥበት) እየለካህ ከሆነ ወደ ሂስቶግራም (ምላሾችን ባኬት በሚባሉ የጊዜ ክልሎች ከፋፍሎ ወደሚቆጥረው) ቀይር። የአራት ወርከሮችን 99ኛ ፐርሰንታይል (ከመቶ 99ኙ ምላሾች የማያልፉትን ጊዜ) ደምረህም ሆነ አማካይ ወስደህ ትክክለኛውን አታገኝም። የሂስቶግራም ባኬት ግን ተራ ቆጠራ ስለሆነ ይደመራል። ሳትነካው የሚመጣው ባኬት ከ0.005 እስከ 10 ሰከንድ ነው፤ ለአንተ ሥራ የሚመች መሆኑን እይ።

ሰላም፦ ከላይ የተባለው ልክ ነው። አንድ አደገኛ ነገር ግን ቀርቷል፦ ወርከር ሲሞትስ?

አራቱም 1000፣ 1000 ቆጥረዋል እንበል፤ ድምሩ 4000 ነው። አንዱ ወድቆ አዲስ ሲተካ ድምሩ ወደ 3000 ይወርዳል። ፕሮሚቲየስ አሁንም ከዜሮ የተጀመረ መስሎት 3000 ሪኩዌስት በአንዴ የመጣ ያስመስለዋል። ሌሊት አላርም ይጮኻል፤ የመጣ ትራፊክ ግን የለም።

ደንቡ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ወርከር «ሬት» (ቁጥሩ በሰከንድ ስንት እንደጨመረ) ማውጣት፣ ከዚያ መደመር ነው። አግሪጌተሩ ቀድሞ ስለሚደምር ይህን ዕድል ይወስድብሃል። ወርከሮችህ ቶሎ ቶሎ የሚተኩ ከሆነ ለእያንዳንዱ የራሱን የሜትሪክስ ፖርት ስጠው፤ ለምሳሌ ከ9401 እስከ 9404። ፕሮሚቲየስ አራቱንም ለየብቻ ያንብብ።

ፖርቱን ግን ከወርከሩ አይዲ አታስላው። የተተካው ወርከር አዲስ አይዲ ስለሚይዝ ፖርቱ እየሸሸ ይሄዳል። ፎርክ ስታደርግ (ወርከሩን ስታስነሳ) ቋሚ ቁጥር በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል አሳልፍለት፤ ሲሞትም ለተተኪው ያንኑ ቁጥር ስጠው። በፒኤም2 (የኖድ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚጠብቅ መሣሪያ) ክላስተር ሞድ የምትሠሩ ደግሞ ፕራይመሪው የፒኤም2 እንጂ የእናንተ ኮድ ስላልሆነ አግሪጌተር ሬጂስትሪ እንዲሁ አይሠራላችሁም። ለእናንተም የሚያዋጣው የየራስ ፖርት ነው።

ሚኪ፦ የኔዎቹ ሜሞሪ ሲሞላ ይተካሉ፤ ስለዚህ ወደ የየራስ ፖርት ልሄድ ነው። ለመለየት የፕሮሰስ አይዲውን ሌብል (ከቁጥሩ ጋር የሚለጠፍ መለያ) ባደርገውስ?

ሰላም፦ ተው፣ አታድርገው። ወርከር በተተካ ቁጥር አዲስ አይዲ ይመጣል፤ ፕሮሚቲየስ ለእያንዳንዱ አዲስ የሌብል ዋጋ አዲስ ተከታታይ መዝገብ ይከፍታል። ሜሞሪውን ትበላዋለህ። ፖርቱ «ኢንስታንስ» በሚለው ሌብል ውስጥ በራሱ ይገባልሃል፤ እሱ ይበቃል።