የእህቴ ሚዜ ነኝ፤ ለተክሊል፣ ለአዳራሽና ለመልስ እንዴት ልኳል?

ሚዜዋ፦

ሰላም ሴቶች። ጥር ላይ ታላቅ እህቴ ታገባለች። እኔ አንደኛ ሚዜ ነኝ። እሁድ ማለዳ ተክሊል አለ። ከዚያ መናፈሻ ውስጥ ፎቶ፣ ቀጥሎ አዳራሽ። ሰኞ ማታ ደግሞ መልስ። ሜካፕ የሚሠራላት ሙሽራዋ ብቻ ናት፤ ሚዜዎች ራሳችሁን ቻሉ ተብለናል።

ችግሬ ዓይኔ ነው። የዓይኔ ቆብ እጥፉ ወደ ታች ወረድ ያለ ነው። ስጨፍን ያምራል፤ ስገልጥ የቀባሁት ሁሉ ይጠፋል። አይላይነር ካሰመርኩ ትንሽ ቆይቶ ላይኛው ቆዳ ላይ ይታተማል። ማስካራውን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከዓይኔ ሥር ነው የማገኘው። ቆዳዬ ጠይም ነው፣ ወደ ጥቁረት ይጠጋል። ዩቲዩብ ላይ የሚያምረው ቢዥ አይሻዶ (የቆብ ቀለም) እኔ ላይ አመድ ይመስላል። ባንክ ስለምሠራ በአዘቦት ቀን ከቅንድብና ከስስ ኩል አልፌ አላውቅም።

የአዳራሹ ቀሚሳችን ወይን ጠጅ ነው። ለመልስ ሐበሻ ቀሚስ ነው የምንለብሰው፤ ጥበቡ አረንጓዴና ወርቃማ። እህቴ ስታለቅስ ደግሞ እኔም አለቅሳለሁ፤ ይሄ የተረጋገጠ ነው። ሦስት የተለያየ ሜካፕ ያስፈልገኛል ወይስ አንዱን እያደስኩ ልዋል? ብዙ ብር የለኝም።

የሰፈር ልጅ፦

እንኳን ደስ አላችሁ! እኔ ብሆን ለተክሊሉ ምንም አልቀባም ነበር። ማን ያይሻል? ሁሉም የሚያየው ሙሽራዋን ነው። ለአዳራሹ ግን ልቀቂው!

ኩልና ብሩሽ፦

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ሥራዬ ሙሽራ መኳል ነው። ጥር ለእኛ እንቅልፍ የሌለበት ወር ነው፤ አሁን ፋታ ስላለኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ቀለም መምረጡን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ መብራቱን አስቢ። ቤተ ክርስቲያን ነጠላሽን ተከናንበሽ ነው የምትቆሚው። ሰው በቅርብ ያይሻል፤ የማለዳ ብርሃን ደግሞ ያልተዋሃደ ቀለም አይደብቅም። አዳራሽ ውስጥ ሰው ከሩቅ ጠረጴዛ ነው የሚያይሽ። የቪዲዮው መብራት ፊት ለፊት ሲበራብሽ ግማሹን ቀለም ይበላዋል። ስለዚህ በመስታወት «ኧረ በዛ» ያልሽው እዚያ ልክ ይሆናል። መልስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፤ ወርቃማ ነገር ያኔ ያበራል። ሦስት ሜካፕ አያስፈልግሽም። እሁድ ጠዋት ስስ መሠረት ሥሪ፣ ከሰዓት ጨምሪበት። ሰኞ ታጥበሽ ሌላ ጀምሪ።

አይላይነርሽ የሚታተመው በቅባት ምክንያት ነው። የቆብሽ ቆዳ ቅባት ያወጣል፤ እጥፉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይነካካዋል። ስለዚህ የዚያን ቀን ጠዋት ቆብሽ ላይ ቫዝሊንም ሆነ ወፍራም ክሬም አይድረስ። በጣም ስስ ኮንሲለር (ጥቁረትና ነጠብጣብ የሚሸፍነውን ክሬም) በጣትሽ ጠቅ ጠቅ አድርጊ፣ ትንሽ ፓውደር ጣል አድርጊበት። ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባውን፣ መግዛት ከቻልሽ እሰየው፤ ካልቻልሽ ይሄ ይበቃል። ደግሞ ዓይንሽን ከፋውንዴሽን (ፊት ሙሉ ከሚቀባው) በፊት ጨርሺ። የሚረግፈውን ጥቁር ዱቄት ጠርገሽ ነው ፊትሽን የምትሠሪው።

አሁን ዋናው። ዓይንሽን ጨፍነሽ አትሥሪ! መስታወቱን ከዓይንሽ ትክክል አድርጊና ፊት ለፊት እያየሽ ሥሪ። እጥፍሽ የት እንደሚያርፍ ይታይሻል። ማቱን፣ ማለትም የማያብለጨልጨውን ቡናማ አይሻዶ፣ ከዚያ እጥፍ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ቀቢ። ስትገልጪ የሚታየው እሱ ነው፤ እጥፉ ውስጥ የተቀባውን ቆዳሽ ይውጠዋል። ብሩሹን ጫፉን ይዘሽ፣ ሳትጫኚ፣ ወዲህና ወዲያ አመላልሺው። ድንበሩ እስኪጠፋ ድረስ አትቸኩይ። ብዙ ሰው ሜካፑ የሚበላሽበት ቀለሙ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ድንበሩን ስለማያጠፋ ነው።

ቢዡ አመድ የሚሆንብሽ ውስጡ ነጭ ስለሚበዛበት ነው። ለጠይም ቆዳ ጥቁር ቡና፣ የጡብ ቀለም፣ መዳብና ወይን ጠጅ ውሰጂ። እነዚህን ነጭ ሴት ስትቀባ የተመታች ልትመስል ትችላለች፤ አንቺ ላይ ግን ጥላ ብቻ ነው የሚሆኑት። ታድለሻል።

ለተክሊሉ ያንን ቡናማ ብቻ በስሱ። አይላይነር በመስመር አታሥምሪ። ጥቁር ቡናማ የዓይን እርሳስ ይዘሽ በሽፋሽፍትሽ መሐል መሐል ነጥብ ነጥብ አድርጊ፣ ከዚያ በትንሽ ብሩሽ ተመሳሳይ ቀለም አይሻዶ ላዩ ላይ ጫን ጫን አድርጊበት። ዱቄቱ እርሳሱን ይይዘዋል፤ መታተሙ በጣም ይቀንሳል። ሽፋሽፍትሽ የበዛ ይመስላል፤ የተቀባሽ አትመስዪም። የቤተ ክርስቲያን ሜካፕ ለእኔ ይሄ ነው። የሰፈር ልጅ፣ ምንም አልቀባም ማለትሽ ገብቶኛል፤ ግን ፎቶው የሚጀመረው እዚያው ነው።

ስለ ማስካራው፦ ውሃ የማያስለቅቀው ዓይነት እንባን ይችላል፣ ቅባትን ግን አይችልም። ከሰዓት በኋላ የሚወርድብሽ ምናልባት ለዚህ ነው። ቱዩቢንግ የሚባል ዓይነት አለ። እያንዳንዱን ሽፋሽፍት እንደ ሽፋን ይለብሰዋል፤ ለእንባም ለቅባትም አይበገርም። ማታ ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብ በቁርጥራጭ እየወለቀ ይወጣል። ከሁሉም ነገር ብር የምታወጪበት ካለ እሱ ይሁን። የታችኛውን ሽፋሽፍት አትቀቢው።

ከፎቶ ወደ አዳራሽ ስትሄዱ መኪና ውስጥ ብሩሽ አትፈልጊ። ወይን ጠጁን አይሻዶ በቀለበት ጣትሽ የዓይንሽ ውጫዊ ጥግ ላይ ጫን ጫን አድርጊ። ክንፍ፣ ማለትም ከዓይን ጥግ ወደ ላይ የሚወጣ የአይላይነር መስመር፣ ከፈለግሽ ፊት ለፊት እያየሽ ጫፉን መጀመሪያ በነጥብ ምልክት አድርጊ፤ ወደ ቅንድብሽ መጨረሻ ያዘንብል። ከዚያ ነጥቡን ከሽፋሽፍትሽ ጋር አገናኚው። አርቴፊሻል ሽፋሽፍት ካማረሽ ሙሉውን አትለጥፊ፤ ቆብሽ ይጫነውና ዓይንሽን ያደክመዋል። ቆርጠሽ የውጪውን ግማሽ ብቻ ለጥፊ። ሙጫውን ቀብተሽ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቂ፤ ማጣበቅ ሲጀምር አሳርፊው። እርጥቡን የምትለጥፍ ሴት ዳንሱ መሐል ታጣዋለች።

አደራ፣ ከዓይንሽ ሥር ነጭ ፓውደር አታብዢ። አንዳንዱ በዓይን አይታይም፤ ፍላሽ ሲያርፍበት ግን ዱቄት የተነሰነሰብሽ ያስመስልሻል። ቤት ውስጥ መብራት አጥፍተሽ በስልክሽ ፍላሽ አንድ ፎቶ አንሺና እይው።

ለቅሶውን በተመለከተ ማንም አይከለክልሽም። ሙሽራዋ የወላጆቿን ጉልበት ስትስም የማያለቅስ ማን አለ? ሶፍት አጥፈሽ ያዢ። ጠርዙን ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር አስጠጊ፣ እንባው ራሱ ይጠጣበት። አትጥረጊ።

ለመልስ ከጥበብሽ አንድ ቀለም ምረጪ። ሁለቱንም አይደለም! ጥቁር አረንጓዴ እርሳስ በሽፋሽፍቱ ሥር፣ ከላዩ ስስ ቡናማ፣ በቃ። ወርቃማውን ከወደድሽ ደግሞ አረንጓዴውን ተይና በረጠበ ጣት የቆቡ መሐል ላይ ትንሽ ነካ አድርጊ። በሐበሻ ቀሚስ ላይ የተጨማለቀ ጥቁር አይሻዶ አልወድም። ሹሩባው አለ፣ ወርቁ አለ፣ ጥበቡ አለ። ዓይን ከነሱ ጋር ባይጣላ ጥሩ ነው። ሙሽሮቼ በዚህ ይጨቀጭቁኛል፤ እኔም እጨቀጭቃቸዋለሁ።

ከዱባይ፦

እኔ እዚህ የሴቶች ሳሎን ውስጥ ነው የምሠራው። ኩልና ብሩሽ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፤ በጥቁሩ ላይ ግን አልስማማም። እዚህ ፊቷን በኒቃብ የምትሸፍን ደንበኛ ስትመጣ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይኗ ላይ አንቆጥብም። ጥቁር ኩል ከውስጥም ከውጭም፣ ጥጉ ረዘም ብሎ፣ ቅንድቡ ጥርት ብሎ። ያምራል! የኛ ሐበሻ ዓይን ትልቅ ነው፤ ጥቁር ሲያገኝ ይናገራል። እህት፣ ለአዳራሹ አትፍሪ፤ ታችኛውን የውስጥ ጠርዝ በጥቁር ሙይው።

ከሙቀት ያወቅሁትን ደግሞ ልጨምር። በሐምሌ እዚህ ውጪ ስትወጪ ፊትሽ ይቀልጣል። እርሳስ ብቻውን አይቆይም፤ ሁልጊዜ በላዩ ዱቄት። ስትጨርሺ ሴቲንግ ስፕሬይ (ሜካፑ እንዲቆይ የሚረጨው) ከክንድ ርቀት፣ ዓይን ጨፍኖ። የአዲስ አበባ ጥር ከዚህ ጋር ሲተያይ ገነት ነው፤ ደረቅ ነው፣ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። ፎቶው እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ከሆነ ግን ቅባቱ መምጣቱ አይቀርም። ቦርሳሽ ውስጥ ቅባት የሚመጥ ወረቀት ይኑር፤ ከሌለ ስስ ሶፍት። ፓውደር ከመደራረብሽ በፊት ቅባቱን አንሺ።

ነርሷ፦

በሥራችሁ አልገባም፤ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ።

ታችኛው የውስጥ ጠርዝ ላይ እንባ እንዳይደርቅ ቅባት የሚያወጡ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በየቀኑ በእርሳስ ሲሞሉ ይደፈናሉ፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ለአንድ ቀን ሰርግ ምንም አይደለም፤ ማታ ግን ሳታጥቢ እንዳትተኚ።

በዱቄት የሚሸጠውን ኩል በተመለከተ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። አንዳንዱ የሚሠራው እርሳስ የሚባለው ብረት (ሌድ) ካለበት ድንጋይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በዚህ ምክንያት ኩል ለመዋቢያነት እንዲሸጥ አይፈቅድም። የእርሳስ ብረት በተለይ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ሰርጉ ላይ ለሕፃን ልጅ «ዓይኑ እንዲያምር» ብሎ የሚኩል ዘመድ አይጠፋም። እባካችሁ ከልክሉ። እናንተም ምን እንዳለበት የተጻፈበትን የመኳያ እርሳስ ተጠቀሙ።

ሚዜዎች ስትሰበሰቡ ደግሞ አንድ ማስካራ ለሁሉም እንዳይዞር። የዓይን ኢንፌክሽን እንዲህ ነው የሚተላለፍ። ትራኮማ ዛሬም በአገራችን ብዙ ሰው የሚያሳውር በሽታ ነው፤ እሱም ከዓይን በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅና በጨርቅ ይተላለፋል። የተከፈተ ማስካራ ከሦስት ወር በኋላ ይጣል፤ ቢተርፍም። ሌንስ የምታደርጉ ካላችሁ ሌንሱን ከሜካፑ በፊት አድርጉ፣ ማታም ሜካፑን ከማንሣታችሁ በፊት አውልቁ።

ሚዜዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ሲስተር፣ እናቴ ብልቃጥ ውስጥ ያስቀመጠችው ኩል አለ፤ ዛሬውኑ እደብቀዋለሁ። ሌንስ የለኝም። የታችኛውን ጠርዝ ለአዳራሹ ብቻ እሞክረዋለሁ፤ የዱባይዋን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ብቻ፦ የሽፋሽፍት ሙጫ ቆዳዬን ቢያሳክከኝስ? ደግሞ ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም። የግድ የምገዛው የቱን ነው?

ኩልና ብሩሽ፦

ሙጫውን ከሰርጉ ቀደም ብለሽ ክንድሽ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ጠብታ አድርጊና አንድ ቀን ጠብቂ። ብዙዎቹ ላቴክስ አለባቸው። ፊኛ ወይም የላስቲክ ጓንት የሚያሳክክሽ ከሆነ ላቴክስ የሌለውን ጠይቂ። ክንድሽ ከቀላ ወይም ካሳከከሽ ሽፋሽፍቱን እርሺው፤ ማስካራ ይበቃሻል።

የግድ የምትገዢው ቱዩቢንግ ማስካራ፣ ጥቁር ቡናማ እርሳስና አንድ ለስላሳ ብሩሽ ነው። አይሻዶ ትልቁን ሠላሳ ቀለም ያለውን ሳጥን አትግዢ፤ ሃያ አምስቱን አትነኪውም። ቡናማ፣ ወይን ጠጅና መዳብ ያለበት ትንሽ ይበቃል። አረንጓዴውን እርሳስ ከሌሎቹ ሚዜዎች ጋር ተዋጥታችሁ ልትገዙ አስባችሁ ከሆነ ሲስተር ያለችውን አስታውሺ፤ የግድ ከተጋራችሁ ግን ለእያንዳንዷ እየቀረጻችሁ፣ መቅረጫውንም እየጠረጋችሁ ተጠቀሙ።

መርካቶ ከሄድሽ ታሽጎ የመጣ መሆኑን እይ። ማሸጊያው የተነካ ከሆነ፣ ሻጩ «ለሙከራ ነው የተከፈተው» ቢልሽም ተይው። ጀርባው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ የሚመስል ሥዕል ታገኛለሽ። ውስጡ 6 ወይም 12 ተብሎ ይጻፋል፤ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው።

ሌላው ልምምድ ነው። ከሰርጉ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተቀቢና እስከ ማታ ዋይበት፣ ገበያም ውጪበት። የት እንደሚታተምና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወርድ ያኔ ታውቂያለሽ። ወይን ጠጅ የነበረው ወደ ቡኒ ከተቀየረ ወይም ጥቁሩ ከወረደ ፎቶ አንሺና እዚሁ ላኪልኝ፤ ዱቄቱ አንሶ ነው ወይስ ቅባቱ በዝቶ፣ እነግርሻለሁ።