ለመስቀል ደብረ ብርሃን ልንወጣ ነው፤ ካራቫናችንን ሣር ላይ እናቁም ወይስ ጠጠር ላይ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እኔና ባለቤቴ አምና አንድ ያገለገለ ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ገዛን። ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ ከነዕቃው 1,200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የምንጎትተው በደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው። እስካሁን ያደርንበት ቢሾፍቱና ዝዋይ ነው፣ ያውም በበጋ ብቻ። ለመስቀል ግን ደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳሉት የባለቤቴ አጎት ልንሄድ ነው። ሦስት ሌሊት እሳቸው ጋ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ መንዝ፣ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ እናድራለን።

አጎታችን ሁለት ቦታ አለ ብለውናል። አንዱ ከቤቱ ጀርባ ያለው ለምለም መስክ ነው። ሌላው ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ሰሌክት ጠጠር ፈስሶበት የተጠቀጠቀ ግቢ ነው። እሳቸው «ሣሩ ላይ እደሩ፣ ይመቻችኋል» ይላሉ። ልጆቼም ሣሩን ነው የሚሉት። እኔ ግን ዝናቡ ገና በደንብ አላባራም ብዬ ፈርቻለሁ። እናቴም አብረውን ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሌሊት ወደ ውጭ ሲወጡ እንዳይንሸራተቱብኝ እሰጋለሁ። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ ሾፌር፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ጠጠሩ ላይ ቁሙ። በመስከረም ይሄ ጥያቄ የለውም።

የእኛ አገር ሜዳ ላዩ ሣር ቢሆንም ብዙ ቦታ ሥሩ ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ። በበጋ እግር እስኪገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ውሃውንም ወደ ታች አያሳልፍም። እነዋሪ በኩል ገበሬው እርሻው ላይ ሰፋፊ መደብ በእጁ እያነሣ ቦይ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ያለዚያ ውሃው ተኝቶ ሰብሉን ያበላሽበታል። ሰብል የሚያበላሽ ውሃ ካራቫን ሲቆምበት ምን እንደሚሆን አስቢው።

ላዩን አይታችሁ እንዳትወስኑ። አንድ ቀጭን ፌሮ ያዙና በእጃችሁ ብቻ ወደ መሬቱ ግፉት። ያለ መዶሻ አንድ ስንዝር ከገባ ጎማውም ይሰምጣል። ተረከዛችሁን ተክላችሁ ስትዞሩ ውሃ ቋጠር ካለም ያው ነው።

መልስ፦ ካምፕ ወዳጅ፣ ከአዲስ አበባ

እኔ በዚህ አልስማማም። ፒክአፑ ፎር ዊል ከሆነ ከሣሩ ላይ ለመውጣት አይቸገርም። ጠጠር ላይ ማደርማ መኪና ማቆሚያ እንደ ማደር ነው። ልጆች ይዞ ወጥቶ ወፍጮ ቤት አጠገብ መተኛት ምን ደስታ አለው?

መልስ፦ ሾፌር፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ የደስታው ነገር ይገባኛል። ግን ፎር ዊሉ ፒክአፑ ነው እንጂ ካራቫኑ አይደለም። የካራቫኑ ጎማ ሞተር አያዞረውም፣ ዝም ብሎ ይጎተታል። 1,200 ኪሎ በሁለት ጎማ ላይ ሦስት ሌሊት አንድ ቦታ ሲቆም ጉድጓዱን ራሱ ይሠራል። ስትጎትተው መሬቱን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ ነው የሚመጣው። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ትንሽ ተጎታች ለማውጣት ሙሉ መንደር ተጠርቶ ነበር።

መልስ፦ የገበሬ ልጅ፣ ከመንዝ

ማንም ያላነሣው ነገር ስላለ ልጨምር።

እህቴ፣ ያ መስክ በመስከረም ለምለም የሆነው ከብት ስላልገባበት ይሆናል። ከሆነ ለድርቆሽ የተከለለ ሣር ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ይታጨዳል፣ በበጋ ላሞቹና በሬዎቹ የሚበሉት እሱን ነው። መኪናና ካራቫን የሄደበት፣ ሸራ ሦስት ቀን የተነጠፈበት ሣር ይተኛል፣ ይበሰብሳል፣ ለማጭድም አይመችም። አጎታችሁ ይሄ ጠፍቷቸው አይደለም። እንግዳ ናችሁ፣ የወንድም ልጅ ቤተሰብ ናችሁ፤ የተሻለውን ነው የሰጧችሁ። «አይ፣ አይሆንም» አይሏችሁም። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ልጆቹ በሣሩ ዳር ይጫወቱ፣ ማን ከለከላቸው። ማታ ማታ ግን እግራቸውንና ብብታቸውን እዩላቸው። ከብት በሚውልበት አካባቢ መዥገር አይጠፋም።

ስለ ጓሳ ደግሞ አደራ እላለሁ። እዚያ ያለው ሣር ተራ ሣር አይደለም። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል። አያቶቻችን ቄሮ በሚባለው የድሮ የሣር ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ በወሰኑት ጊዜ ብቻ እየከፈቱ ነው ያቆዩልን። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም የሚኖረው በዚሁ ነው። የአካባቢው ጠባቂዎች ከሚያሳዩዋችሁ ቦታ አንድ ሜትር እንኳ እንዳትወጡ። ጥሩ ፎቶ ለማንሣት ብሎ ሣሩ ላይ መንዳት እኛን በጣም ያሳዝነናል።

መልስ፦ ከውጭ የተመለሰ፣ አሁን ደብረ ሲና

እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት ኖሬ ካራቫን ጎትቻለሁ። እዚያ ማደሪያ ቦታ ስትይዙ ብዙ ጊዜ «ሣር ወይስ ጠጠር?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ዝናብ ሲበዛ ብዙዎቹ የሣሩን ክፍል ይዘጉታል፣ ጠጠሩ ይቀጥላል። ሾፌሩ ያለው ትክክል ነው።

ጠጠሩም ግን የራሱ ጣጣ አለው። የመጀመሪያው በካራቫኑ ጎን የሚዘረጋው ሸራ ካስማ ነው። ለሣር የሚሆነው የፕላስቲክ ካስማ ጠጠር ላይ ይሰበራል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ 12 ሚሊሜትር ፌሮ በ30 ሳንቲሜትር ያስቆርጡ፣ ጫፉን ያስሹሉ፣ ራሱን ያስጠምዝዙ። ጨርሶ ካልገባ የሸራውን ገመድ ውሃ በሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ እሰሩ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ቀላል ስላልሆነ በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት አድርጉ።

ሁለተኛው ልክ ማስያዝ ነው። መጀመሪያ ግራና ቀኙን፣ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጣውላ ከትታችሁ። ቀጥሎ ጎማውን በታኮ ያዙት። ከዚያ ከፒክአፑ ፍቱትና ፊትና ኋላውን በፊተኛዋ ትንሽ ጎማ አስተካክሉ። የማዕዘን እግሮቹ የሚወርዱት መጨረሻ ላይ ነው። እነሱ ክሪክ አይደሉም፤ ካራቫኑን ላንሣባቸው ካላችሁ ይጣመማሉ። የግንበኛ ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ብታስቀምጡ ሥራው ይቀልላል። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ካላችሁ ካዘመመ በደንብ አያቀዘቅዝም።

ከወፍጮ ቤቱና ከጭድ ክምር ራቅ በሉ። እዚያ አገር በሁለት ካራቫን መካከል 6 ሜትር የሚተዉት እሳት እንዳይዛመት ብለው ነው። ብርዱ ቢያንገበግባችሁም ከሰል ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ለቡናም ቢሆን። የከሰል ጭስ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኝታችሁ ሳላችሁ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የድርቆሹ ነገር ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር፣ አፈርኩ። የጓሳው ቦታ ግን ሣር ቢሆንስ? እዚያ ጠጠር ባይኖር ምን እናድርግ?

መልስ፦ መካኒክ፣ ከደብረ ብርሃን

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ውርጭ ካደረ መሬቱ ጠዋት ጠንካራ ይመስላል፣ ፀሐይ ሲመታው ግን ላዩ ይሟሟና ሳሙና ይሆናል። ለመውጣት አትዘግዩ።

ሣር ላይ የግድ ከሆነ፣ ስትገቡ የፒክአፑን አፍንጫ ወደ መውጫው አድርጋችሁ ቁሙ፣ ከተቻለ ቁልቁል። በካራቫኑ ጎማዎች ሥር ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ሰፋ ያለ ጣውላ ይግባ። የፊተኛዋ ትንሽ ጎማና የማዕዘን እግሮቹም እንደዚያው። ስትወጡ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ። መሪ አትጠምዝዙ። ጎማው ባዶውን ከዞረ ወዲያው እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሡ፤ በጨመራችሁ ቁጥር ወደ ታች ነው የሚቆፍረው። አካፋና ጠንካራ ገመድ ያዙ።

ብርድ ባለበት የካራቫኑን የእጅ ፍሬን ስባችሁ አትደሩ፤ እርጥብ ከሆነ ይዞ ያድራል። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ጎማውን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙና ፍሬኑን ልቀቁት። ዳገት ላይ ግን ይሄን አታድርጉ።

መልስ፦ ካምፕ ወዳጅ፣ ከአዲስ አበባ

ሐሳቤን አንሥቻለሁ፤ ስለ ድርቆሹ እኔም አላሰብኩም። ለጥምቀት ከሄዳችሁ ግን ሣሩ ታጭዶ፣ መሬቱ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ያኔ ስንጥቅ የሌለበትን መርጣችሁ ሣር ላይ እደሩ፤ ካስማውም በደንብ ይይዛል።

የሁለት ልጆች እናት

አሁን ከአጎታችን ጋር በስልክ ተነጋገርን። ሣሩ ለጥቅምት የሚታጨድ ነው። «ለእናንተ ብዬ ነው እንጂ ጠጠሩማ ይሻል ነበር» አሉን። ወፍጮ ቤቱ ለበዓሉ ሁለት ቀን ስለሚዘጋ ጫጫታውም አያሰጋም። ከካራቫኑ በር እስከ ሽንት ቤቱ ለእናቴ የሚሆን የእጅ መያዣ ገመድ ልዘረጋላቸው ብለዋል። ፌሮውን ነገ አስቆርጣለሁ።

መልስ፦ ሾፌር፣ ከደብረ ብርሃን

ጎሽ። ወደ ጓሳ ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ጉም ይኖራል። ወደ መዘዞ ከመታጠፋችሁ በፊት የካራቫኑ የኋላ መብራት መሥራቱን ወርዳችሁ እዩ።